ራሴን የነቀነቅኩላቸው ቬፖች

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ሞባይል ቤት ነው። ቤቷ ሁለት ሜትር በሦስት ነበረች። ፊት ለፊት የመስታወት መደርደሪያ፣ ከኋላ በቺፑድ የተከለለች የጥገና ጠረጴዛ። ባለቤቱ ጋሽ ተክሌ ይባላል። መበየጃውን፣ ወረንጦውንና ቴስተሩን አንድ በአንድ አሳየኝና "ከማን ተማርክ?" አለኝ።

"ከማንም። ከቪዲዮ ነው።"

"ወሬ ትወዳለህ?"

ወረንጦውን አንስቼ ጫፉን ማየት ጀመርኩ።

"ጥሩ" አለ። "የማያወራ ጠጋኝ ነው የምፈልገው።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ቻርጀር ልትገዛ መጣች። አገላብጣ አየችው፤ አላመነችውም። "ኦሪጅናል ነው?" ብላ ጠየቀች። ጋሽ ተክሌ መልስ አልሰጣትም። ወደ ኋላ ዞሮ "ባለሙያው፣ እስቲ ና እየው" ብሎ ጠራኝ። ወጣሁ። ቻርጀሩን ሰክቼ በቴስተር ለካሁት፤ አምስት ቮልት አሳየኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሴትዮዋ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ገዝታ ሄደች።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ሞባይል ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ደንበኛ ሻጩን አያምንም፤ ጠጋኙን ግን ያምናል። የጠጋኝ ጣት በብየዳ ፍላክስ የጠቆረ ነው፣ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር አለ፣ ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም ግድ ያለው አይመስልም። ስለዚህ ክርክር ሲረዝም ጠጋኙ ከኋላ ይጠራል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጋሽ ተክሌ ይህን "ፊርማ" ብሎ ይጠራዋል። "ሚኪ፣ ና ፊርማህን አኑር" ይለኛል፣ ደንበኛው እየሰማ። ደንበኛውም ይስቃል፣ ይገዛልም።

በሙያችን ደረጃ አለ። ከታች ያለው ፈቺ ነው፤ ስክሪን ያነሳል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ የቻርጅ መሰኪያ ያጸዳል። ከሱ በላይ ሶፍትዌር የሚጭነው ነው። ከሁሉም በላይ ቦርድ ሠሪው አለ፤ ትኩስ አየር በሚነፋው ብላወር አይሲ የሚባለውን ቺፕ ያነሳል፣ የተቆረጠ መስመር ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ይቀጥላል። ከፈቺነት ወደ ቦርድ ሠሪነት ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ ደብተር ያዝኩ። በየገጹ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ደንበኛው የነገረኝን፣ እኔ የለካሁትን፣ ያደረግኩትን። የመጀመሪያውና ሁለተኛው የሚገጥሙበት ቀን ጥቂት ነው።

ቦርድ ሠሪ ስሆን ጋሽ ተክሌ ቡራዩ ወዳለው ትልቁ ቤት አዛወረኝ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሱሉልታ ያለችውን ትንሿን ቤት ለማየት እሄድ ነበር። ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ የፈታሁት ቡራዩ ነው።

መጀመሪያ ያመጡት ከዱባይ ዘመድ የመጣላቸው ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ የሲኖትራክ ሾፌሮች መጡ። "ቻርጅ አይቀበልም"፣ "ያንጠባጥባል"፣ "የተቃጠለ ጨርቅ ይሸተኛል" ይሉኛል። እኔ ሲጋራም ቬፕም ወደ አፌ አስጠግቼ አላውቅም። እንደ ማንኛውም ስልክ ፈታሁት። ውስጡ ቀላል ነው። ባትሪ አለው። ሰው ሲስብ አየር መሳቡን የሚያውቅ ትንሽ ሴንሰር አለው። ፈሳሽ የተሞላ ፖድ የሚባል ዕቃ አለው፤ ፖዱ ውስጥ በጥጥ የተከበበ የሚግል ሽቦ አለ፤ እሱን ኮይል ይሉታል። ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ሰውየው ይስበዋል። ሌላ ተአምር የለውም።

ያየኋቸው አራት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሲያልቅ የሚጣል ነው። አንዱ ፈሳሽ ይሞላል፣ ኮይሉ ሲያረጅ ግን ፖዱ እንዳለ ይቀየራል። አንዱ ፖዱ ይቀርና ኮይሉ ብቻ ይቀየራል። አራተኛው ትንሽ ሳጥን የሚመስል ነው፤ ባትሪው ወጥቶ ለብቻው ቻርጅ ይደረጋል።

በአገራችን ይህን ዕቃ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ጋሽ ተክሌ ያውቃል። ለዚህም ነው መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከመደርደሪያው ሥር፣ የስልክ ሽፋን ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠው የነበረው። እኔም አውቅ ነበር። አላውቅም ብዬ የምጽፍ ከሆነ ይህን መጻፍ አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን ጋሽ ተክሌ በፌስታል የተሞሉ ያለቁ የሚጣሉ ቬፖች ይዞ መጣ። ከየመዝናኛ ቤቱ ያስለቀማቸው ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው።

"ሰው የሚጣል ነገር አይወድም" አለኝ። "የሚሞላ ነው የሚፈልገው። አንተ የሚሞላ አድርግልኝ።"

"ለመሞላት አልተሠሩም" አልኩት።

"ስልክስ ሁለት ሲም እንዲይዝ ተሠርቶ ነበር? አንተ አይደለህ ያሲያዝከው?"

አደረግኩት። ከግርጌው በስተግራ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ፤ የጎማ ክዳን ሠራሁላት። መሰኪያ ለሌላቸው ከአሮጌ ስልክ የቻርጅ መሰኪያ አውጥቼ በየድኩላቸው። አፍ የነካውን ጫፍ በአልኮል ጠረግኩ። ጋሽ ተክሌ አዲስ ላስቲክ አለበሳቸው፤ ካርቶንም አሳተመላቸው። ፈሳሹን የሚሞላው ራሱ ነበር፣ በሩን ዘግቶ። "ከዱባይ ነው" አለኝ። አልጠየቅኩትም።

ሥራው አስደስቶኝ ነበር። ቀዳዳዎቹ ሁሉም እኩል ነበሩ፣ ክዳኖቹ ልክ ነበሩ። አሥራ አራት ሠራሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ። ያንን ገጽ የማልቀድደው ቁጥሩ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ገፈርሳ አጠገብ አጣና የሚሸጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ያጨሳሉ። ደረታቸው ሲብስባቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪሙ ሲጋራውን እንዲያቆሙ፣ ካላቆሙ እየባሰ እንደሚሄድ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ዱባይ የምትሠራ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኮይሉ የሚቀየር ቬፕና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ በሰው ላከችላቸው። ጠርሙሱ አልቆባቸዋል፤ ቬፑም አፍስሷል።

"አከም ጂርቱ ኦቦ" አለ ጋሽ ተክሌ።

"ፈያ፣ ገለታ ዋቃ" አሉ፣ ደህና ነኝ ፈጣሪ ይመስገን ማለታቸው ነው። የልጃቸውን ቬፕ ከኪሳቸው አውጥተው መስታወቱ ላይ አኖሩት። "ይሄ ነገር ኪሴን አበሰበሰው። ሚስቴ ሸሚዜን ስታጥብ ማር ትሰርቃለህ ወይ አለችኝ።"

"ይሄ አሮጌ ሞዴል ነው አባቴ። አይጠገንም" አለ ጋሽ ተክሌ፣ ሳይከፍተው። ከሥር ካርቶኑን ስቦ አንድ አወጣ። "ለዕለት የሚሆንዎት ይሄ ነው። ይሞላል፣ ቻርጅ ይደረጋል፣ አያፈስም። ፈሳሹም እኛ ጋ አለ።"

ኦቦ ቶሎሳ በሁለት ጣታቸው ያዙት። "እኔ አጣና እንኳ ሳላንኳኳ አልገዛም። ይሄን በምን ላንኳኳው?"

"የሚያንኳኳ ባለሙያ አለን። ሚኪ፣ ና እስቲ አንኳኳላቸው።"

ወጣሁ። ዕቃውን ገለበጥኩት። ከግርጌው በስተግራ የኔ ቀዳዳ አለች፣ የኔ የጎማ ክዳን አለች። አሁን ሳስበው፣ ያኔ ለመናገር የጎደለኝ ነገር አልነበረም። አፍ ነበረኝ። ጋሽ ተክሌ ወደኔ እንኳ አላየም፤ እርግጠኛ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"በቃ፣ እሱ ካለ" አሉ። "ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ።" አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። የልጃቸውን ቬፕ "ለመለዋወጫ ይሁናችሁ" ብለው ትተውት ሄዱ።

እሱን ቬፕ ወደ ጠረጴዛዬ ወስጄ ፈታሁት። የተበላሸው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የጎማ ቀለበት ብቻ ነበረች፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቃለች። ከሌላ አሮጌ ፖድ ተመሳሳይ ቀለበት አውጥቼ ተካኋት። የቀረበልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ። ከዚያ ቬፑን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ማንንም አልጠራሁም።

ከሳምንታት በኋላ፣ ጋሽ ተክሌ በሌለበት፣ ኦቦ ቶሎሳ ተመለሱ። ከመንገዱ እስከ በሩ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ወጥተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ትንፋሻቸው ከጠረጴዛዬ ይሰማኝ ነበር። ወጥቼ ውኃ ሰጠኋቸው። ትንሽ ከተረጋጉ በኋላ በፌስታል የተጠቀለለውን ቬፕ አወጡ። የኮታቸው ኪስ ተቃጥሎ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል።

"ይሄ ሰውዬ ብቻውን ያጨሳል" አሉኝ። "ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ሳልስበው። አጣና ስቆጥር ጢሱ በአንገቴ ወጣ። ገዢዎቼ ሸሹ።"

ሴንሰሩ ፈሳሽ ገብቶበታል ማለት ነው። ሲርስ ሰው የሳበ ይመስለውና ኮይሉን ያግላል። ደህናው ዕቃ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ይህ አያጠፋም፤ ከመጀመሪያውም የማጥፊያ ሰርኪዩት አልነበረውም።

"ደረትዎስ?" አልኳቸው።

"ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ ምንድን ነው የሚስቡት አለኝ። ምን አውቃለሁ፣ ቫኒላ ቫኒላ ይላል አልኩት።"

"ሲጋራውንስ አቆሙ?"

"ምኑን አቆማለሁ? ይሄ አላጠገበኝም። ቀኑን ሙሉ እስባለሁ፣ ማታ ያንኑ ሲጋራዬን አጨሳለሁ። የልጄን ስስብ እኮ ሲጋራው እየቀነሰልኝ ነበር።" ምንም ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ አለቃህን አላመንኩትም። አንተ ራስህን ስለነቀነቅክ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አሁን የቱን ልያዝ?" አሉ። "ልጄ ሌላ ልላክ ትላለች። እኔ ለእሷ የምነግራት የለኝም። ይሄን ጊዜ ለክተህ ንገረኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ።"

በማግስቱ ፈሳሹ ምን እንደሆነ አወቅኩ። የነገረችኝ ከጎናችን የመዋቢያ ዕቃ የምትሸጠው ዘሃራ ናት። ዘሃራ ከእናቷ የተረከበችውን ሱቅ የምታንቀሳቅስ፣ ሰፈሩን ሁሉ በስም የምታውቅ ሴት ናት። በራችን ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ሚኪዬ፣ አለቃህ ምን ነክቶታል? ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የለ፤ ግሊሰሪኔን በካርቶን ነው የሚወስደው። ለሙሽራ የሚሆን እንኳ አላስቀረልኝም።"

"ለስልክ ማጽጃ ይሆናላ" አልኩ።

"የኬክ ቫኒላውስ? ማዶ ካለው ሱቅ በየሳምንቱ ይገዛል አሉ። ስልክ ነው የምትሠሩት ወይስ ልደት?"

እየሳቀች ሄደች። እኔ ወደ ኋላ ገብቼ ጋሽ ተክሌ የሚቆልፈውን ቁም ሳጥን በወረንጦ ከፈትኩ። የፀጉር ግሊሰሪን ጠርሙሶች፣ የቫኒላ ብልቃጦች፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። ግሊሰሪኑ ሽቶ ያለው ነው፤ ጀርባው ላይ ለውጭ አካል ብቻ ይላል። በእውነተኛው ፈሳሽ ውስጥም ግሊሰሪን እንዳለ አንብቤአለሁ፤ ግን ሽቶ የገባበት የፀጉር ቅባትና የኬክ ቫኒላ አግሎ ወደ ሳንባ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ኦቦ ቶሎሳን ሲጋራው ያልለቀቃቸውም ለዚህ ነው። ኒኮቲን የሚባል ነገር የለበትም። ሰውየው ከሲጋራ ለመላቀቅ መጥተው ሲጋራቸው ላይ ሌላ ጢስ ጨምረንላቸዋል።

ተናደድኩ። ጋሽ ተክሌ ላይ፣ ካርቶኑን ያተመለት ሰው ላይ፣ እኩል አድርጌ በበሳኋቸው ቀዳዳዎች ላይ። ብዙ ጊዜ ቁጣዬ ሥራ ስይዝ ይበርድልኛል። በዚያ ሰሞን አልበረደልኝም፤ እየሠራሁም ተናድጄ ነበር።

አምስት ቬፕ ሰበሰብኩ። አንዱ እኔ የቀየርኩት፣ ኦቦ ቶሎሳ ትተውልኝ የሄዱት ነው። ሁለተኛው ፖዱ እንዳለ የሚቀየር ርካሽ፣ ሦስተኛው ያው ዓይነት ሆኖ የተሻለ የሚባል። አራተኛው የኦቦ ቶሎሳ ልጅ የላከችው፣ አምስተኛው አንድ ሾፌር ለጥገና ትቶት የጠፋው ሳጥን።

መጀመሪያ ባትሪያቸውን ለካሁ። እስኪሞሉ ቻርጅ አደረግኩና በየተራ ከእጅ ባትሪ አምፖል ጋር አገናኝቼ እስኪጠፋ በሰዓት ያዝኩ። ርካሹ ካርቶን ላይ ከተጻፈው ግማሹን እንኳ አልቆየም። እኔ የቀየርኩት ከሁሉም አነሰ። የልጅቷና ሳጥኑ የተጻፈውን ያህል ሰጡ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ቻርጅ ላይ እያሉ በየአሥር ደቂቃው ሙቀታቸውን ለካሁ። እኔ የቀየርኩት ከሞላ በኋላም ማስገባቱን አላቆመም፤ ባትሪው ማበጥ ሲጀምር ነቀልኩት። የሰው ኪስ ውስጥ፣ የሰው ትራስ አጠገብ የሚያድር ዕቃ ነው ይህ።

የማፍሰሱን ነገር በጠረጴዛ ላይ ማወቅ አልቻልኩም። ሁሉም ቡራዩ ላይ ደረቅ ናቸው። ሾፌሮቹ ግን "ሱሉልታ ስደርስ ነው የሚያፈሰው" ይሉኝ እንደነበር ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ። ሐሙስ ለሥራ ስሄድ አምስቱንም እስከ አፋቸው በውኃና በንጹሕ ግሊሰሪን ሞልቼ እያንዳንዱን በሶፍት ጠቀለልኩ፤ በየፌስታሉ ቁጥር ጻፍኩበት። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ፖዱ ውስጥ የታሰረው አየር ያብጥና ፈሳሹን ይገፋል። ሱሉልታ ወርጄ ስፈታቸው የኔውና ርካሹ ሶፍታቸው በስብሷል። የተሻለ የሚባለው በትንሹ ርሷል። ሳጥኑ እንደ ኔው ባይሆንም አፍስሷል። የልጅቷ ደረቅ ነው። እዚያው መናኸሪያ ቆሜ ጻፍኩት። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት "የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው የምትመረምረው?" አለችኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለዕለት አገልግሎት ዋናው ነው፦ ሲያልቅና ሲያረጅ ምን ይደረጋል? ለሳጥኑ ባትሪ እዚህ የሚገኘው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ነው፤ ላስቲክ ቀይረው ይሸጡታል። ለልጅቷ ቬፕ ኮይል ከውጭ በሰው ካልመጣ አይገኝም። ፈሳሽ ደግሞ የታሸገ፣ ውስጡ ያለው የተጻፈበት፣ አንድም ቦታ አላገኘሁም። ሦስቱ ከተሞች ውስጥ ያየኋቸው ጠርሙሶች ሁሉ ክዳናቸው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነበር።

ቅዳሜው ደረሰ። ገበያ ስለሆነ ቤቱ ሰው ነበረው። ኦቦ ቶሎሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ከመደርደሪያው ሥር የወጣለትን ቬፕ እያገላበጠ ነው።

"አያቃጥልም?" አለ ሾፌሩ።

"ሚኪ፣ ፊርማ" አለ ጋሽ ተክሌ።

ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ። አምስቱንም መስታወቱ ላይ ደረደርኳቸው። ያበጠውን ባትሪ ከጎናቸው አኖርኩ። የግሊሰሪኑን ጠርሙስም አኖርኩ።

"ይሄ የሚጣል ነበር" አልኩ፣ ሾፌሩ የያዘውን እያሳየሁት። "ከመዝናኛ ቤት የተለቀመ ነው። ከግርጌው በስተግራ ቀዳዳ አለ፤ እኔ ነኝ የበሳሁት። ቻርጅ ሲሞላ አያቆምም። ሲርስ ብቻውን ይግላል። ውስጡ ያለው ይሄ የፀጉር ግሊሰሪን ነው፣ ከኬክ ቫኒላ ጋር።"

ሾፌሩ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጠርሙሱን አየ። "በለው። ዲዳው ተናገረ" አለ። ቬፑን በጣቱ ጫፍ ገፋው። "አጎቴ፣ ቅባት ነው እንዴ የምታጠጣን? ፀጉር ሳንባችን ላይ እንዲበቅል ነው?"

ጋሽ ተክሌ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ልጁ አሞታል። ራሱ አይደለ እንዴ የሠራው? ሚኪ፣ አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ለዚህ ነው የማውቀው።"

"እኔ ከሰበታ አንስቼ እዚህ አደረስኩህ።"

"አዎ። ለእሳቸው ግን ምን ሰጠናቸው?" አልኩና ወደ ኦቦ ቶሎሳ ጠቆምኩ። የጮህኩ መስሎኝ ነበር፤ ሾፌሩ በኋላ ሲነግረኝ ግን ሹክሹክታ ይመስል ነበር አለኝ።

"ነገ እንዳትመጣ" አለ ጋሽ ተክሌ። "ማጉያውን አውልቀህ ሂድ፣ የቤቱ ነው።"

"ማጉያው የኔ ነው። የቤቱ መበየጃውና ብላወሩ ነው።"

ኦቦ ቶሎሳ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አልተነሱም። ጸጥ ሲል "የኔስ መልስ?" አሉ።

የልጃቸውን ቬፕ አንስቼ ሰጠኋቸው። "የዚህ ቀለበቱ ብቻ ነበር የተሰነጠቀው፤ ያን ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ከአምስቱ እንደ ዕቃ የሚታመነው ይሄ ነው። ባትሪው እውነተኛ ነው፣ አያፈስም፣ ራሱን ያጠፋል። ግን የሚሞላበትን ነገር እዚህ አገር አላገኘሁም። ከዚህ ሰፈር ምንም አይሙሉበት። ለደረትዎ ይሻል አይሻል እኔ አልለካሁም፤ መለኪያም የለኝም። እሱን ሐኪሙን ይጠይቁት። ይሄንን ጠርሙስም ይዘውለት ይሂዱ።"

"ከሁሉ የተሻለው ባዶው ነው ትለኛለህ" አሉ።

"አዎ።"

ቬፑንም ጠርሙሱንም ኪሳቸው ከተቱ። ከወንበሩ ለመነሳት እጄን ያዙ። ከደረጃው እስከ መንገዱ አብሬአቸው ወረድኩ፤ በሦስቱም ደረጃዎች ላይ ቆመን ነበር የምንተነፍሰው።

ሐኪሙ ጠርሙሱን አይቶ ያነበበውን በካርዳቸው ላይ እንደጻፈው፣ ቬፑንም ሲጋራውንም አንድ ላይ እንዲተዉ እንደነገራቸውና መድኃኒት እንዳዘዘላቸው በኋላ ነገሩኝ። ቬፑን ትተዋል። ሲጋራውን ግን አልተዉም፤ በቀን ሁለት ያጨሳሉ፣ ሦስት የሚያጨሱበትም ቀን አለ። አጣና አሁን የሚሸጡት ተቀምጠው ነው፤ የሚሸከመው ወንዱ ልጃቸው ነው። ደረታቸው ከዚያ ወቅት በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። ይህን የሲጋራው ዕድሜ ያመጣው ነው የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ያስተኛቸው ምን እንደሆነ ግን ደብተሬ ላይ አለ።

ጋሽ ተክሌ በሳምንቱ ሌላ ጠጋኝ ቀጠረ። ካርቶኑን ከቡራዩ ወደ ሱሉልታ አሻገረው አሉ። ጥቆማ ለሚመለከተው ቢሮ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ መልስ አላየሁም። እኔ ሰበታ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እሠራለሁ። ሻጭ የለኝም፤ የሚጠይቀኝም የምመልሰውም እኔው ነኝ። ቬፕ የሚያመጣ ሰው ይመጣል። የሚፈስ ከሆነ ለምን እንደሚፈስ፣ ባትሪው ካበጠ ማበጡን እነግረዋለሁ፤ አልሞላም፣ አልሸጥም፣ የሚጣለውን አልበሳም።

ከአሥራ አራቱ ሁለቱን አግኝቻለሁ። አንዱ የኦቦ ቶሎሳ ነው፤ ሌላውን ያ ሾፌር ከጓደኛው ቀምቶ አመጣልኝ። አሥራ ሁለቱ የት እንዳሉ አላውቅም። የሰው ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ምናልባት አሁንም እየተሞሉ ነው። ያበሳጨኛል፣ ሌላ የማደርገው ስላላገኘሁ የበለጠ ያበሳጨኛል።

ይህን ለምታነቡ ጠጋኞች፦ ሰው ዕቃ ሲያስመርጣችሁ የለካችሁትን ንገሩት። ያልለካችሁትን አልለካሁም በሉት። ያበላሻችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ያንን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።